ባለቤቴ የሠራው ፒያኖ

ይህ ነገር የገጠመን በጃንሆይ ጊዜ፣ ልጄ ሰሚራ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይተናል። ይህ ግን አይረሳኝም፤ ያን ጊዜ ስለ ልጄ አንድ ነገር አምኜ ነበር፣ ያመንኩትም ልክ አልነበረም።

ባለቤቴ ዩሱፍ የባቡር ፉርጎ የሚያድስ አናጢ ነበር። አንድ ጊዜ እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ማዳም አራክሲ የሚባሉ አርመናዊት ቤት፣ ምስጥ የበላውን የፒያኖ እግር ሊጠግን ሄደ። ሰሚራ ምሳውን ይዛለት ስትሄድ ማንንም ሳትጠይቅ ፒያኖውን ነካካችው። ማዳም ሊቆጧት መጥተው የእጇን አቀማመጥ ሲያዩ ተዉት። ከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን ያስተምሯት ጀመር። እኔ እስከ በራቸው አድርሻት እመለሳለሁ፤ ትምህርት ላይ ሰው እንዲገባባቸው አይወዱም።

እኛ የምንኖረው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ መጋላ ሰፈር ነው። ፒያኖ ከየት እናምጣ? ማዳም «በየቀኑ ካልተለማመደች ዋጋ የለውም» ስላሉ ዩሱፍ ራሱ ሠራላት። የማዳምን ፒያኖ በገመድ ለክቶ፣ ቀጫጭን ጣውላ ቆርጦ፣ ረጅም ሳጥን ውስጥ ጎን ለጎን ደረደረው። ነጩን ነጭ፣ ጥቁሩን ጥቁር ቀባው። ድምፅ የለውም፤ ሲመቱት ኳ ኳ ይላል፣ ሌላ ነገር የለም።

ሰሚራ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እሱ ላይ ነው የምትውለው። ጎረቤቴ ሀሊማ፣ ጨርቅ የምትነግደው ሱማሌ፣ በር ላይ ቆማ ትስቅባት ነበር። «አቦ፣ ይቺ ልጅ ዶሮ ሆናለች እንዴ? ጥሬ ነው የምትለቅመው?» ትላታለች። ሰሚራ ቀና ብላም አታያትም።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ስለ ሙዚቃ አላውቅም። እጇን መጠበቅ ግን የእኔ ሥራ ሆነ። ቢላ አላስይዛትም፣ በርበሬ አላስነካትም፣ በር ስትዘጋ እንኳን ቀድሜ እኔ ነኝ የምዘጋላት። ሀሊማ «በጥጥ ጠቅልለሽ ሳጥን ውስጥ አስቀምጫት» ትለኝ ነበር።

የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። እንጨቱ እየደረቀ ሲሄድ በጣውላዎቹ መሃል ክፍተት መጣ። ዩሱፍ ደግሞ ክፍተት ያለበት ሥራ ማየት አይችልም። ከሳጥኑ ጫፍ ቀጭን የእንጨት ሽብልቅ እያስገባ፣ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ መልሶ ያጠጋጋዋል። በጋ በመጣ ቁጥር እንዲህ ያደርግ ነበር። እኔም ክፍተቱ ጣቷን እንዳይቆነጥጣት ስለምፈራ ሲዘጋው ደስ ይለኛል።

በኋላ ማዳም አንድ ከባድ ሙዚቃ ሰጧት። ግራ እጇ ከመሃል ተነስታ፣ ሳታይ፣ ሩቅ ወዳለው ወፍራም ድምፅ የምትዘልበት ቦታ አለው። ቤት ውስጥ አንድም ቀን አትስተውም። ማዳም ቤት ግን ሳትደርስ ትቀራለች፤ ወዲህ ያለውን ቁልፍ ትመታለች። እያየች ስትመታው ታገኘዋለች፣ ሳታይ ስትዘል ታጥራለች። ወራት አለፉ፣ ምንም ለውጥ የለም።

አንድ ቀን ማዳም አስጠሩኝ። ውጭ አገር ሄደው የሚማሩ ልጆችን የሚመርጥ መምህር ከአዲስ አበባ በባቡር እንደሚመጣ፣ ሰሚራን ሊያሰሙት አስበው እንደነበረ ነገሩኝ።

«አሁን ግን አላቀርባትም» አሉ። «ልጅሽ ትፈራለች። የሚፈራ እጅ መድረክ ላይ አይወጣም።»

ተነስቼ ወጣሁ። ድልድዩን እየተሻገርኩ ፍርሃቱን ከማን እንደወረሰች አሰብኩ። ከእኔ ሌላ ሰው መፈለግ አላስፈለገኝም። ለዩሱፍም አልነገርኩትም።

በዚያው ሳምንት ሰሚራን ወባ ጣላት። ማዳም መቅረቷን አይተው ብርቱካን ይዘው በጋሪ ሊጠይቋት መጡ። ቤታችንን ከዚያ በፊት ረግጠው አያውቁም። ያለችን ወንበር የሰሚራ ልምምድ ወንበር ስለነበረች እሷ ላይ አስቀመጥኳቸው። ስለ ትኩሳቱ እየጠየቁኝ፣ ልማድ ሆኖባቸው ነው መሰለኝ፣ እጃቸውን ጣውላው ላይ አሳረፉ። ከዚያ ወሬያቸውን አቋረጡ።

አውራ ጣታቸውንና ትንሿን ጣታቸውን ዘረጉ። ፒያኖ ላይ ስምንት ቁልፍ የሚይዝ እጅ ዘጠነኛው ላይ ገባ። ዓይናቸውን ጨፍነው ያንን ዝላይ ዘለሉ፤ ሲገልጡ ጣታቸው ከሚፈለገው ቁልፍ አልፏል። እንደገና ሞከሩት። እንደገና አለፈ።

«ይህን ማን አጠበበው?» አሉኝ።

«ማንም አላጠበበውም፣ ባሌ ክፍተቱን ይዘጋል እንጂ» አልኳቸው። እንዴት እንደሚዘጋው አስረዳኋቸው።

«ልጅቷ አትፈራም» አሉ። «እጇ በትክክል ነው የሚሄደው። የሚሄደው ግን ወደዚህ ጣውላ ነው።»

ሰሚራ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሆና «እማዬ፣ ቤት አልስትም ብዬ ነግሬሽ ነበር እኮ» አለች።

ዩሱፍ ማታ ሲመጣ ነገርኩት። ጣውላውን ቁጭ ብሎ አየው። እራቱን በቅጡ አልበላም። በማግስቱ ከዚራ ሄዶ የማዳምን ፒያኖ እንደገና ለካ፤ ከአሮጌ የፉርጎ ወንበር የወጣ ደረቅ ሳንቃ አምጥቶ፣ ሳይቆራርጥ በሙሉው ላይ የቁልፎቹን መስመር አሰመረበት። ሰሚራም ሲሻላት፣ መምህሩ እስኪመጣ ድረስ እጇ ትክክለኛውን ርቀት እንዲለምድ ማዳም ቤት በየቀኑ ትሄድ ጀመር።

መምህሩ የመጣ ዕለት ማዳም ቤት በረንዳ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ሀሊማም ዶሮዋን ልስማት ብላ ተከትላኝ መጣች። ያንን ሙዚቃ ከነድምፁ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሲጀምር የሌላ ሰው መሰለኝ። ቆይቶ አመታቱን ለየሁት፤ ቤቴ ውስጥ ስንት ወር ሲንኳኳ የከረመው እሱ ነው። ስለዚህ ዝላዩ የሚመጣበትንም አወቅኩ። የሀሊማን ክንድ ጨበጥኩ።

ወፍራሙ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። ሙዚቃው ቀጠለ።

«ልቀቂኝ እንጂ፣ ክንዴን ሰበርሽው» አለችኝ ሀሊማ። «ልጅሽ እንደሆነ ደርሳለች።»

ሰሚራ ተመረጠች። ሄዳ ተማረች፣ ዛሬ ሰው ትኬት ቆርጦ ነው የሚሰማት። ብርድ አገር ስለሆነች ጓንት ማድረጓን በየደብዳቤው እጠይቃታለሁ፤ ማድረግ አለማድረጓን ግን አትነግረኝም።

የመጀመሪያው ጣውላ አልጋችን ሥር አለ። ሽብልቁ ወልቆ ክፍተቱ እንደገና መጥቷል። ዩሱፍ ቤት ስናጸዳ ባየው ቁጥር መዶሻውን መፈለግ ይጀምራል፤ ተወው እለዋለሁ።

እኔ አሁንም ፈሪ ነኝ፤ ይህ ከእኔ አይወጣም። እሷ ላይ ግን ያኔም አልነበረም።