ለቆመ ሰው የወረደ ሙሾ

ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ ለልምምድ ስወጣ የዕድር ጡሩንባ ከሩቅ ከሰማሁ እግሬ ይተሳሰርና፣ ክራሬን ደረቴ ላይ ለጥፌ፣ የሟቹ ስም እስኪጠራ መንገድ ዳር ቆሜ እጠብቃለሁ። አንጋፋ ተዋናይት፣ ድምፃዊት፣ ምናምን ይሉኛል፤ ያ ድምፅ ሲመጣ ግን ደሴ፣ ሆጤ፣ በራችን ሥር የምትንቀጠቀጥ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ። ጋዜጠኞች «ጥበብን ከማን ተማርሽ?» ሲሉኝ «ከአክስቴ» ብዬ አልፋለሁ እንጂ ምን እንዳደረግሁበት ተናግሬ አላውቅም። እስቲ ዛሬ ይውጣልኝ።

እናቴ እኔን በወለደች በዓመቷ ስለሞተች፣ ያሳደገችኝ የአባቴ ታላቅ እህት እታባ የሺ ነበረች። እታባ የሺ የሰፈሩ ሙሾ አውራጅ ነበረች፤ ጡሩንባ ሲነፋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትወጣና፣ ልቅሶ ቤት ከመግባቷ በፊት ጎረቤቱን ወደ ጥግ እየሳበች «ሰውዬው ሲሄድ አረማመዱ እንዴት ነበር? ምን ይወድ ነበር? ሲቆጣ ምን ይል ነበር?» እያለች ትጠይቅ ነበር። «ውሸት ሰው አያስለቅስም፤ ሰው የሚያለቅሰው የሚያውቀውን ሲሰማ ነው» ትለኝ ነበር፤ ቲያትር ቤት ገብቼም ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት አላገኘሁም። አንድ ነገር ግን አጥብቃ ትከለክለኝ ነበር፦ «ለቆመ ሰው ሙሾ አይወርድም። ሟርት ነው!» እናቴን የማውቃት በእታባ ሙሾ ብቻ ስለነበር፣ ግጥም ውስጥ የገባ ሰው ተመልሶ ቤት እንደማይገባ በልጅ ልቤ አምኜ ነበር።

አባቴ ኮምቦልቻ እየወረደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በበጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ፣ ቅንድቡ ላይ ጥጥ እንደተቀመጠ ይመጣል፤ ደጅ ጠብቆ በጣት ማራገፍ የኔ ሥራ ነበር። የማሽኑን ጩኸት ስለለመደ ቤት ውስጥም ጮኾ ነበር የሚያወራው፣ እታባም «ኧረ ቀስ በል፣ እዚህ ማሽን የለም!» ትለው ነበር።

ክረምት ሲገባ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ሰፈሩን ይውጠውና፣ እኛ ልጆች ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘሃራ ቤት ጣሪያ ሥር ተጠልለን «ልቅሶ ልቅሶ» እንጫወት ነበር። አልቃሿ ምንጊዜም እኔ ነኝ። ለሞተች ዶሮ አለቀስኩ፣ ጎርፍ ለወሰደው ጫማ አለቀስኩ፤ ልጆቹ ግን ይሥቁብኛል። ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እልህ ያዘኝና የማውቀውን ሰው አስገባሁ፦

«ጥጡን ከቅንድቡ ሳያራግፈው፣
የሐረጎ ጉም ነው አባቴን ያቀፈው።»

ከልጆቹ አንዷ ማልቀስ ጀመረች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ! ሰው ማስለቀስ መቻሌ አኩርቶኝ፣ «እሸቱ! አባቴ እሸቱ!» እያልኩ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ከገበያ ስትመለስ የነበረችው እትዬ ዘሃራ የሰማችው ይኼኔ ነው። ዘንቢሏን ጥላ «ያ ረቢ! እሸቱ ሞተ!» ብላ ጮኸች። ባንዴ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ እታባ የሺም ራሷን ሳትሸፍን ሮጣ መጥታ ጭቃው ላይ ተዘረጋች። ያን ሁሉ ሰው ያስለቀሰች ሴት፣ ለገዛ ወንድሟ አንድ ስንኝ አልወጣትም።

«ጨዋታ ነው! ጨዋታ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። እትዬ ዘሃራ «አስተግፊሩላህ! ይቺን ልጅ ምን ነካት?» ብላ ግድግዳውን ተደገፈች። እታባ ግጥሙን ከልጆቹ አፍ ሰማችና ትኩር ብላ አየችኝ። «ሐረጎን በስሙ ጠራሽው?» አለችኝ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። ፊቷን አዙራ ገባች። ምነው በመታችኝ!

አባቴ የሚመጣበት ሰዓት አለፈ። ዝናቡም እየባሰ ሄደ። ስልክ እንደ አሁኑ በየኪሱ የለ፤ ከመናኸሪያ የመጣ ሰው «ሐረጎ ላይ ናዳ ወርዶ መንገዱ ተዘግቷል፣ የተረፈና ያልተረፈ አልታወቀም» አለን። በሩ ሥር ቁጭ ብዬ፣ አባቴ በደህና ገባ የሚል ስንኝ ገጥሜ የፊተኛውን ልሽር ብል አፌ ደረቀ፤ የተማርኩት ሙሾ ብቻ ነበር። እትዬ ዘሃራ ከጎኔ ሆና በሹክሹክታ ዱዓ ታደርጋለች፣ እታባ ለሚካኤል ስለት ትሳላለች፣ እኔ «ገደልኩት፣ እኔ ነኝ የገደልኩት» እያልኩ ጥፍሬን እበላለሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ሊመሽ ሲል ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የታየኝ ጭቃ የዋጠው ጫማው ነበር። ናዳውን ዞሮ በእግሩ ነው የመጣው፤ ሰፈር ሲደርስ ደግሞ ሰው ሁሉ እያማተበ «አለህ እንዴ?» ሲለው ነገሩን ሰምቷል። ከእታባ ቀሚስ ኋላ ተደበቅሁ። በርጩማ ስቦ ተቀመጠና «እስቲ ያልሽውን በይው» አለኝ።

«ኧረ በስመ አብ! ደግሞ ሊያስደግማት!» አለች እታባ።

«ሞቼ አልሰማው፣ በቁሜ ልስማው እንጂ!» ብሎ እንደ ልማዱ ጮኸ።

በእያንዳንዱ ቃል እዚያው የሚወድቅ እየመሰለኝ አልኩለት። አልወደቀም። ዝናብ ያጠበውን ቅንድቡን ዳበሰና «እዚህ ላይ ዋሽተሻል፣ ጥጥ የለም» ብሎ ሳቀ፣ እኔ ግን ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። መስከረም ጠብቶ ጉሙ ሲገለጥ፣ እታባ ራሷ ልቅሶ ቤት ይዛኝ መሄድ ጀመረች።

ዛሬ እታባ የሺም እትዬ ዘሃራም የሉም። አባቴ እዚያው ሆጤ አለ፤ ጆሮውን ግን የዕድሜ ልክ የማሽን ጩኸት ወስዶታል። ያኔ ግጥሜ ይገድለዋል ብዬ ነበር የምፈራው፤ አሁን ከደሴ ስልክ በተደወለ ቁጥር፣ በቁሙ ሳልደግምለት ቀረሁ ብዬ እደነግጣለሁ። ባለፈው ክረምት ፍርሃቱ ሲብስብኝ ሄጄ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና፣ ክራሬን አንስቼ ያንኑ ስንኝ ጀመርኩለት። እንደማይሰማኝ አውቃለሁ፤ አፍ አፌን ብቻ ያየኝ ነበር። ቅንድቡ ጋ ስደርስ እጁን አነሳና፣ የሸበተ ቅንድቡን ቀስ አድርጎ አራገፈ።