ከንፋስ ተጠበቅ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ እዚህ አሰላ ከተማ አዲስ ወደተከፈተ ማሳጅ ቤት ይዛኝ ሄደች። ማሳጅ የሀብታም መዝናኛ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሰው ከፍሎም ይጮኻል። ባለሙያዋ ቀኝ ትከሻዬ ሥር አውራ ጣቷን ስትተክል ከአልጋው ልዘል ነበር።

«አባባ፣ ይሄ ቋጠሮ የቆየ ነው። ምን ተሸክመው ነው?»

«የሰው ገብስ» አልኳት።

እውነቴን ነው። አብዮቱ ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ እዚሁ አሰላ የእህል መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። አብሮኝ የሚሸከመው ሽፈራው የሚባል ጓደኛዬ ነው፤ አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ከአንድ ሳህን እየበላን እንኖር ነበር።

ጭነት ተከትዬ በቆጂ ስመላለስ አቶ ገመዳ የሚባሉ ገበሬ ሚዛን እንደማላጭበረብር አይተው ወደዱኝ። «የዘንድሮው ገብስ ያንተ ነው፤ ሸጠህ ትከፍለኛለህ» አሉኝ። «ግን እንደተወቃ ና፤ አውድማ ላይ አላሳድረውም።» ለእኔና ለሽፈራው የራሳችን ንግድ መነሻ ይህ ነበር። ከዚያ ወዲያ የሌላ ሰው ጆንያ ትከሻችን ላይ አይወጣም።

ታኅሣሥ ገባ። ገብሱ ሊወቃ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንገቴ ቀጥ ብሎ ቀረ።

«አንተ፣ ሰው ሲጠራህ ከነወገብህ ነው እንዴ የምትዞረው? ጄኔራል ሆንክ?» አለኝ ሽፈራው። ሳቅኩ፤ ሳቁም አመመኝ። ደግፎ አባባ ቱሉ ወደሚባሉ ወጌሻ ወሰደኝ።

ሽማግሌው ቅቤ በጤና አዳም አሙቀው መዳፋቸውን ቀቡና ቋጠሮውን ፈልገው አገኙት። ዙሪያውን በቀስታ ሲያሹት ቆዩና ድንገት በአውራ ጣታቸው ተጭነው ያዙት። «ኦብሲ፣ ልጄ! ቻለው!» ይላሉ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም። እንባዬ መጣ። ከዚያ የተወጠረ ገመድ እንደሚለቅ ትከሻዬ ለቀቀ፤ ሙቀቱ እስከ ክርኔ ወረደ። በጋቢ ተጠቅልዬ ስወጣ ሽፈራው ወደ ኋላ ቀርቶ አነጋገራቸው።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«ሳምንት ሙሉ ንፋስ እንዳይነካህ። ከነካህ አንገትህ እንደተጣመመ ይቀራል።»

በእኛ አገር የታሸ ሰው ከንፋስ ይጠበቃል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ከጭላሎ የሚወርደውን የታኅሣሥ ንፋስ ደግሞ ያልታሸውም ይፈራዋል። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

ሽፈራው የበሩን ስንጥቅ በጆንያ ደፈነው። ገንፎ አገንፍቶ በቅቤ አበላኝ። አያያዜ የአራስ ነበር፤ የጎደለኝ ልጁ ብቻ ነው። «ገብሱስ?» ስለው «ገና አልተወቃም፤ አንተ ብቻ ዳንልኝ» ይለኛል፣ ጋቢውን አገጬ ድረስ እየሳበ። በማግስቱ «ኢተያ ጭነት አለ» ብሎ ሄደ፤ ጎረቤታችን ምግብ እንድታቀብለኝ አደራ ብሎ። ምግቤን እንኳ አልረሳም!

ሳምንቱ ሲሞላ ላመሰግን ወደ አባባ ቱሉ ሄድኩ።

«የት ጠፋህ?» አሉኝ። «ላቡ እስኪደርቅ ይሸፈን፣ ከነገ ጀምሮ ግን እጁን ያንቀሳቅስ ብዬ ለጓደኛህ ነግሬው አልነበር?»

ከዚያው በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ በቆጂ ወጣሁ። ያ የተፈራ ንፋስ መንገዱን ሁሉ ገረፈኝ፤ አንገቴ ምንም አልሆነ። አውድማው ላይ የቀረው ገለባ ብቻ ነበር። አቶ ገመዳ ሲያዩኝ ግራ ተጋቡ።

«ንግዱን ትቶ አዲስ አበባ ገብቷል አለኝ እኮ ጓደኛህ! ገብሱን ወሰደ። የከርሞውንም ቃል ገባሁለት።»

ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው ናቸው፤ አሁን ደግሞ ቃሉ የሽፈራው ሆኗል። እርጎ ሰጡኝ፤ ሳልቀምሰው ተነሳሁ።

ሽፈራውን አሰላ ገበያ አገኘሁት፣ የራሱ ሚዛን አጠገብ ቆሞ። ዓይኔን ሳያይ «አንገትህ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ይዞራል» አልኩና ዞሬ ሄድኩ። ወደ ጆንያዬ።

የማሳጅ ባለሙያዋ ስትጨርስ «ቤት ገብተው አይተኙ፤ ትንሽ በእግርዎ ይሂዱ» አለችኝ።

«ንፋሱስ?»

«ንፋሱ ምን ያደርግዎታል?»

ምንም። ገብሱን ከረሳሁት ቆየሁ፤ በኋላ የራሴን መጋዘን ከፍቻለሁ። ሰው ለጥቅሙ ሲከዳ ይገባኛል፤ ነጋዴ ነኝ። ያልወጣልኝ ያ ገንፎ ነው። ሊከዳኝ ተነስቶ ቅቤውን እንኳ ሳይቆጥብ ለምን አበላኝ?

ስንወጣ ይነፍሳል። የልጅ ልጄ ነጠላዋን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ጠርዙን አገጬ ሥር አስገባችልኝ። አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ።

«አንቺ ደግሞ አሁን የት ልትሄጂ ነው?» አልኳት።