ዝም ላለ የማይደርስ ወተት

የልጅ ልጄ እዚህ አሜሪካ፣ ፍሩትቬል ሰፈር ካለው የእርዳታ ምግብ ማደያ ያመጣችውን የዱቄት ወተት ስትበጠብጥ ሽታው ወደ ሰባት ዓመቴ መለሰኝ።

ትንሿ እህቴ ታማ ነበር። እናቴ እኔን አስከትላ፣ ጣሳ ይዛ፣ የአሜሪካ ወተት ወደሚታደልበት ማዶ መንደር ሄደች። የማዶ ጭሰኞች ለባለርስቱ እህል አንሰጥም ብለው አምጸዋል። የእኛ መንደር ግን ሳያጉረመርም ሰጥቷል።

የሚያድለው ጸሐፊ ጣሳችንን እንኳ አላየውም። «ይሄ የመጣው እዚህ ኮሚኒስት እንዳይገባ ነው» አላት።

እናቴ ኮሚኒስት የሚሉት በሽታ መሰላት። «ጌታዬ፣ የኔም ልጅ እኮ ታማለች» አለችው።

ሳቀ። «እናንተማ ጨዋዎች ናችሁ። ከእናንተ ምን ያሰጋል?»

የማዶ ልጆች ከንፈር በዱቄቱ ነጥቶ ነበር። እናቴ ባዶ ጣሳዋን ይዛ «ጨዋ መሆናችን ነው ጥፋቱ?» እያለች ተመለሰች። እህቴ ያን ክረምት አልወጣችውም።

የልጅ ልጄ ያቀረበችልኝን ብርጭቆ ገፋሁት።

«እማማ፣ ኢትስ ጀስት ሚልክ» አለችኝ የልጅ ልጄ።

«ማደያው ላይ ምን ብለው ጠየቁሽ?»

«ናቲንግ። ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ፣ ዛትስ ኢት።»

ይህችን ጥያቄ ያን ቀን እናቴን የጠየቃት የለም።