ሁቃ ሳይጠይቅ የሰረዘው

ሁቃ መቀመጥ አይሆንለትም። ነገሌ ቦረና፣ ከጦር ካምፑ በር ትይዩ ባለችው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቱ ወንበር አለ፤ የሚቀመጥበት ግን ባለጉዳይ ነው። እሱ ቆሞ ነው የሚተይበው። ሁለት መስመር ይጽፋል፣ በር ላይ ወጥቶ መንገዱን ያያል፣ ተመልሶ ሦስተኛውን ይጽፋል። ማመልከቻ ሊያስጽፉ የሚመጡ የወታደር ሚስቶች «ኧረ ጋሽ ሁቃ፣ አንድ ቦታ ይርጉልን፣ እኛን አዞረን!» ይሉታል። «ከብት ያገደ ሰው ተቀምጦ አያውቅም» ነው መልሱ።

እውነቱን ነው። ጽሕፈት ቤቱን ከመክፈቱ በፊት አሥራ አራት ዓመት በከብት ለይቶ ማቆያ ሠርቷል። ለገበያ ከሚነዳው መንጋ መሐል የታመመ የመሰለውን ለይቶ ሌላ በረት ማስገባት ነበር ሥራው። አንድ ጊዜ ሳል የጀመራትን ጊደር ለየና «ነገ ሐኪሙ ይያት» ብሎ አሳደራት። ሐኪሙ ቀረ፣ ነገ ሳምንት ሆነ፣ አጥሩም ስስ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ስልሳ ከብት በሳምባ በሽታ አለቀ፤ ግማሹ የገዛ አጎቱ ከብት ነበር። አጎቱ አልሰደበውም፣ አልረገመውም። ባዶውን በረት አይቶ «ናጋቲ» ብሎ ተሰናብቶት ሄደ። ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ከዚያ ወዲህ በሁቃ እጅ የተለየ ከብት አድሮ አያውቅም፤ ያንኑ ዕለት ይታረዳል፣ ይቀበራል። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ይህ ልማድ በከብት ቢያበቃ ኖሮ ምንም አልነበረም።

በ2000 ዓ.ም. እስከዳር የምትባል መምህርት የመመረቂያ ጽሑፏን እሱ ዘንድ ታስጽፍ ነበር። አባቷ ከጎንደር የመጡ የመቶ አለቃ ናቸው፤ እሷ ግን ነገሌ ተወልዳ ነገሌ ያደገች ናት። ጽሑፏ ስለ ኤላ ነው፤ ስለ ቦረና ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች፣ በድርቅ ጊዜ ማን ቀድሞ እንደሚያጠጣ። ሦስተኛው ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ ኦቦ ጋልጋሎ የሚባሉ ሽማግሌ ቃል ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአንድ ኤላ ተራ ሲያስከብሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እስከዳር ካሴት ያላት አንድ ብቻ ነው፤ ድምፃቸውን ትቀዳለች፣ ታመጣለች፣ ሁቃ እየሰማ ወደ አማርኛ ይመልሳል፣ ይተይባል። ኦሮምኛ ታውቃለች፣ የሽማግሌው ጥልቅ ቃል ግን ያመልጣታል። እሷና ሁቃ ባንድ ቃል ግማሽ ሰዓት ይከራከራሉ። ተጽፎ ሲያልቅ በዚያው ካሴት ላይ ሌላ ትቀዳበታለች። ስለዚህ የኦቦ ጋልጋሎ ቃል የነበረው እዚያች ማሽን ውስጥ ብቻ ነው።

በየባለጉዳዩ ፍላሽ የሚገባው ቫይረስ ሲያስቸግር፣ ቢንያም የሚባል የካምፑ የሬዲዮ ባለሙያ ፀረ ቫይረስ ጫነለት። «የታመመውን ፋይል ለይቶ ያስቀምጥልዎታል» አለው። ሁቃ ደስ አለው። ይህን ሥራ ያውቀዋላ!

ሐሙስ ጠዋት ማሽኑ ጮኸ። አርባ አንድ ፋይል ተለይቷል ይላል። ሁቃ ወደ በሩ ሄደ፣ ተመለሰ። ዝርዝሩን ማየት ጀመረ፤ ቁጥርና የፈረንጅ ፊደል የተደባለቀበት ስም ነው፣ ሦስተኛው ላይ ሰለቸው። ከታች ሁለት ምርጫ አለ፤ አንዱ ወደ ቦታው መልስ፣ ሌላው ሁሉንም ሰርዝ። አርባ አንድ በሽተኛ በአንድ በረት! ያቺ ስስ አጥር ዓይኑ ላይ መጣችበት። ሰረዛቸው። ከዚያ ማሽኑን አጥፍቶ አበራ። ጥቁር ሆኖ ቀረ።

ቢንያም በምሳ ሰዓት መጣ። ምን እንዳደረገ ሲሰማ ራሱን ያዘ።

«ጋሽ ሁቃ፣ ለምን ሰረዙት?»

«የታመመ ነገር ምን ሊሆን ይቀመጣል?»

«የታመመውን ብቻ አይደለም እኮ፣ የጠረጠረውንም ይለያል። ደግሞ አንዴ ከተቆለፈበት ዓመት ቢቀመጥ ማንንም አይነካም። ሰው አይቶ ያጣራል፣ ንጹሕ የሆነው ወደ ቦታው ይመለሳል። አንዳንዱ የማሽኑ የራሱ እግር ነው፤ እሱን ቆርጠው ጥለውት በምን ይቁም?»

«የመምህርቷ ጽሑፍስ?» አለ ሁቃ።

ቢንያም እስከ ማታ ታግሎ ማሽኑን በሲዲ አስነሣው። ምዕራፍ አንድ አለ። ምዕራፍ ሁለት አለ። ሦስተኛው የለም፤ ከአርባ አንዱ አንዱ እሱ ነበር። የተለጠፈበት ቫይረስ ቢነሣለት ይድን የነበረ ፋይል ነው። ቢንያም ያለውን ፕሮግራም ሁሉ ሞክሮ እጁን ሰጠ። ሲወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቫይረስ በላው ይበሏት። ማን ያውቃል?» አለ።

ሁቃ የነገሌን ዋና መንገድ ሦስት ጊዜ ተመላለሰበት። ቫይረስ በላው። አፉ ላይ ቀላል ነበር፤ ሆዱ ግን እንቢ አለ። በአራተኛው የእስከዳርን በር አንኳኳ።

«አካም ጋሽ ሁቃ፣ ናጋ? ምነው ፊትዎ?»

«መምህርት፣ ምዕራፍ ሦስትን አጥፍቼዋለሁ። ቫይረስ አይደለም፣ እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ጮኸች። «ሊጠይቁኝ አይችሉም ነበር? ቤቴ እኮ አምስት ደቂቃ ነው!»

«ነው» አለ ሁቃ። ሄዶ እንደገና እንዳይጠይቅላት፣ ኦቦ ጋልጋሎ ካረፉ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ቀብራቸው ላይ ሁለቱም ነበሩ።

ጽሑፉ ሰኞ መድረስ አለበት። ሁቃ አርብና ቅዳሜ ሱቁን ለባለጉዳይ ዘግቶ ያስታወሰውን ጻፈ። የተከራከሩባቸው ቃላት እየጎተቱ ሌላውን አመጡለት። እየተንጎራደደ፣ የሽማግሌውን ንግግር ጮክ ብሎ በኦሮምኛ እያለ፣ ከምዕራፉ አሥራ ዘጠኝ ገጽ አሥራ አንዱን መለሰ። ከዚያ ትዝታው ነጠፈ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ፈስሶ የማይለቀምም አለ።

እሁድ እስከዳር መጣች። ገና ተቆጥታለች። ክፍተቱን አይታ ትንሽ አሰበችና «የሚመስለውን ሞልተን እንለፈው። አማካሪዬ ቦረናን አያውቁም» አለች።

«እሳቸው ያላሉትን አልጽፍም» አለ ሁቃ። በክፍተቱ ቦታ ሁለት መስመር ተየበ፣ ወንበሩንም ወደ እሷ ገፋላት። ተቀምጣ አነበበችው።

«እዚህ ላይ ኦቦ ጋልጋሎ፣ ውኃው ለሁሉም በማይበቃበት ዓመት የማን ከብት ሳይጠጣ እንዲቀር እንዴት እንደፈረዱ የተናገሩት ነበረ። ጸሐፊው ሁቃ ሳይጠይቅ ሰርዞታል።»

«ይህ ከገባ ጽሑፌን ይጥሉብኛል» አለች።

«ካልፈለግሽው አንቺ አጥፊው። እኔ ሁለተኛ አልሰርዝም።»

እስከዳር ጣቷን መሰረዣው ቁልፍ ላይ አድርጋ ቆየች። ሁቃ ወደ በሩም አልሄደም፤ ከአጠገቧ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ እጇን አነሣች።

«ያትሙት» አለችው።