የጀማል ደምና የዘይነባ ኒካህ

ሥራ የጀመርሁ ቀን፣ በደርግ ዘመን፣ የላቦራቶሪው ኃላፊ ጋሽ ውብሸት ማይክሮስኮፑን ከመንካቴ በፊት እጄን አስታጠቡኝ። "ስማ፣ እዚህ ባሕር ዳር የምትፈልገው ወባ ነው። ወባ ብቻ ፈልገህ ግን አትነሳ፤ ስላይዱን ጨርሰህ እይ" አሉኝ። ክረምት ሲወጣ ጣና ዳር ያለ ሰው ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ ወረፋው ግቢው በር ይደርሳል። ዓይኔ ፈጣን ነበር፤ ይህን ስል አላፍርም።

ጣት መውጋት፣ ደሙን ስላይድ በምንለው ቀጭን መስታወት ላይ ስስ አድርጎ መሳብ፣ ማድረቅ፣ እንዳይታጠብ በአልኮል ማጽናት፣ ጊምሳ የሚባለውን ቀለም ማፍሰስ፣ አጥቦ ማየት፤ ሥራችን ይኸው ነው። ደሙ ወፍሮ ከተሳበ ምንም አይታይም። እንዲህ ያለ ስላይድ ሲያጋጥማቸው ጋሽ ውብሸት "ይህ ደም ነው ወይስ ሽሮ?" ይሉ ነበር።

ጀማል ከወረታ የመጣው በጥቅምት ነው። የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ከስቷል፤ በግራ ጎኑ ግን ጣፊያው አብጦ ሆዱን ገፍቶታል። እኛ አገር ጣፊያ ካበጠ ወባ ነው ይባላል፣ አለቀ። ክሎሮኪን ደጋግመው ሰጥተውታል። አልሻል ሲለው ሆዱን በጋለ ብረት አስተኩሰውታል፤ ቁስሉ ገና አልዳነም።

ስላይዱ ላይ ወባ አጣሁ። ነጭ ሴሎቹ ግን ቦታውን ሞልተውታል። በጤነኛ ደም ውስጥ የምናያቸው ያደጉት ናቸው፤ ጨቅላዎቹ መቅኔ ውስጥ ይቆያሉ። በጀማል ደም ግን ጨቅላውም ጎረምሳውም ያደገውም ተደባልቋል። ጋሽ ውብሸት አይተው "ወይ ጉድ!" አሉና ዶክተር አልማዝን ሊጠሩ ወጡ።

ዶክተር አልማዝ እኩያዬ ስለነበረች አንተ አንቺ እንባባላለን። ለጀማልና ለአባቱ ለአቶ እንድሪስ ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው። የደም ካንሰር ነው፣ ቀስ ብሎ የሚሄደው ዓይነት። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ክኒን አለ፤ አያድነውም፣ ዕድሜ ግን ይጨምርለታል።

ወሬው ከጀማል ቀድሞ ወረታ ገባ። እህቱ ዘይነባ ታጭታ ነበር። የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች "የደም በሽታ ያለበት ቤት ነው፤ በዘር ይወርዳል" ብለው ኒካሁን አስቀሩት።

አቶ እንድሪስ ላቦራቶሪው በር ላይ ቆመው አለቀሱ። "የወንዱን አላህ ያውቃል። ሴቷን ግን በቁሟ ቀበሩብኝ" አሉኝ። የጀማልን ሕመም ማንም አላመጣበትም፤ ይህን ግን ሰው ነው ያመጣው።

"የሙሽራውን ወገኖች ይዘዋቸው ይምጡ። ማክሰኞ የውይይት ክበብ ስላለብን ረቡዕ ይሁን" አልኋቸው።

ረቡዕ የሙሽራው አባት አቶ ኑሩ ሽማግሌዎቻቸውን አስከትለው መጡ። ሙሽራው ሰይድም አብሯቸው ነበር። ፊቱ ገርጥቷል፤ እኔ ሐፍረት መስሎኝ ነበር። ዘይነባ ከአባቷ ጎን ተቀመጠች።

ዶክተር አልማዝ እንዲህ አለች፦ "አባቶቼ፣ ደም የሚሠራው በአጥንት መቅኔ ነው። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ትእዛዝ አለ። አንዱ 'ተባዛ' ይላል፤ ሌላው 'በቃህ፣ እደግ' ይላል። ጀማል ሲወለድ ትእዛዙ ጤነኛ ነበር። ካደገ በኋላ በአንዲት የመቅኔ ሴል ውስጥ ትእዛዙን የያዙ ሁለት ክሮች ተሰብረው ያለ ቦታቸው ተጋጠሙ። ያቺ ሴል አሁን 'ተባዛ' የሚለውን ብቻ ነው የምትሰማ፤ ከእሷ የተባዙትም እንደዚያው። ጀማል ከአባቱ አልወረሰውም፣ ለልጁም አያወርሰውም።" ዛሬ ያንን ትእዛዝ ዘረመል እንለዋለን።

"እሺ ጓድ ዶክተር" አሉ አቶ ኑሩ፣ "አንቺ ተምረሻል። እኔ ያላየሁትን እንዴት ልመን?"

የጀማልን ስላይድ አስቀመጥሁላቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አጎነበሱና "ቢስሚላህ! ይህ ሁሉ ምንድን ነው?" አሉ። ቀጥዬ የዘይነባን ጣት ወግቼ ደሟን አሳየኋቸው። ነጮቹ እዚህም እዚያም አለፍ አለፍ ብለው ነው የሚታዩት። ይህ ብቻውን በዘር አለመውረዱን እንደማያረጋግጥ፣ ማረጋገጫው ዶክተሯ ያለችው እንደሆነም ነገርኋቸው። እሳቸው ግን ያዩትን አመኑ።

ይኼኔ አቶ እንድሪስ ቀና አሉ። "እንግዲያው የእናንተም ልጅ ደም ይታይ!"

ሰይድ ሳያንገራግር ጣቱን ሰጠኝ። ስላይዱን አየሁና ሳቄ አመለጠኝ። "አቶ ኑሩ፣ ሙሽራውን ወባ ይዞታል።"

"በሉ እንግዲህ" አሉ ጋሽ ውብሸት፣ "በሽተኛው ከናንተ ቤት ወጣ!" ሽማግሌዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አቶ ኑሩም እየሳቁ ኒካሁ በወሩ ይታሰር አሉ።

ዘይነባ አልሳቀችም። "ስትተዉኝ አልጠየቃችሁኝም። ስትወስዱኝም አትጠይቁኝም?" አለች።

ሰይድ ከወንበሩ ተነሣ። "እኔ ልጠይቅሽ፣ ዘይነባ። ታገቢኛለሽ?"

ትኩር ብላ አየችው። "መጀመሪያ ወባህን ታከም" አለችው።

ታከመ፤ ተጋቡ። በሠርጉ ቀን የጀማል ጣፊያ በክኒኑ ሟሽሾ እሱ ራሱ እንግዳ ያስተናግድ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ክኒኑ አቅም ሲያጣ ሞተ። የእህቱን ልጆች ግን አቅፏል።

ለናንተ አሁን ማይክሮስኮፕ ላይ ለተቀመጣችሁት የምለው ይህን ነው። የበሽታውን ስም ስትናገሩ በዘር የማይወርድ ከሆነ ያንንም እዚያው ተናገሩ። ቤተሰቡ ወደ ቤቱ ሳይመለስ።