የሦስት ወር ደም

ወልቂጤ፣ ላብራቶሪው በር ላይ፣ እናቴ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ እኔ ቆሜያለሁ። ሲፈጥረኝ መቀመጥ አልችልም። ልብስ ሰፊ ሆና መቀመጥ አልችልም ትላለች ብለው ሰዎች ይስቁብኛል፤ ማሽኑ ላይ ግን እግሬ ስለሚሠራ እንደ መቀመጥ አልቆጥረውም። እዚያ በር ላይ እግሬ ሥራ ፈትቶ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ለካሁት። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ስሟ እስኪጠራ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ያ እርጋታዋ ያኔውኑ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግንቦት ላይ ዓይኗ ብዥ እያለባት፣ ውሃ ጥሙ አላስቀምጥ ሲላት ከመንደሯ ከቸሃ አምጥቼ አስመረመርኳት፤ ስኳሯ ሁለት መቶ አርባ ሦስት ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ክኒን ሰጣት፣ ጣፋጭ ይተዉ አላት፣ በሦስት ወር ተመለሱ አለን። እኔና አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ደግሞ የራሳችንን ፍርድ ጨመርንበት፦ በሦስት ወር ካልወረደ ቤቷን ዘግታ እኔ ጋ ትገባለች። እኔ ጋ ማለት ወልቂጤ፣ ከመንገድ ዳር ያለች ሁለት ክፍል ናት። እሷ ደግሞ አባቴ ከሞተ ወዲህ ከእንሰቷ፣ ከሁለት ላሞቿና ከጎረቤቶቿ ሌላ ዓለም የላትም። ፍርዱን ስነግራት ቀና ብላ አየችኝና፣ «እንሰት እንኳ ነቅለው የሚተክሉት በልጅነቱ ነው» አለች። ከዚያ ወዲያው «እሺ» አለች።

መስኮቱ ተከፍቶ ወረቀቱ ሲወጣ ከእሷ ቀድሜ ተቀበልኩት። የቁጥር መዓት ነው። በያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ የጤነኛ ሰው ልክ ከዚህ እስከዚህ ተብሎ ተጽፏል፤ ከልኩ ያለፈው ላይ ትንሽ ቀስት አለ። ዓይኔ ስኳሩን ሳያገኝ ወደ ላይ በቀናች አንዲት ቀስት ላይ አረፈ፤ ነጭ የደም ሴል ይላል። በቃ ካንሰር ነው አልኩ። የላብራቶሪው ባለሙያ፣ መነጽር ያደረገ ወጣት፣ ወረቀቱን ወደ ዓይኔ ሳስጠጋ አይቶ፣ «እናትሽን ጉንፋን ይዟቸዋል እንዴ?» አለኝ።

«ሳል አላት።»

«እሱ ይሆናላ። ቁጥር ከመስመሩ ትንሽ ስላለፈ ሰው አይቀበርም እህቴ። ሐኪሙ ከሌላው ጋር አስተያይቶ ይነግርሻል። ይልቅ ስኳሩን እዪ።»

ስኳሩ መቶ አስራ ስምንት ነበር። ደስታዬን አልደብቅም፤ እዚያው አቅፌ ሳምኳት፣ ለወንድሜ ደወልኩ፣ «ወርዷል፣ የትም አትሄድም» ብዬ በሰው ሁሉ ፊት ጮህኩ። እናቴ ተነስታ ጫማዋን አስተካከለች። የላብራቶሪው ልጅ ግን ጭንቅላቱን በመስኮቱ አውጥቶ፣ አንዱ ናሙና አዲስ አበባ እንደተላከ፣ ውጤቱን በሦስተኛው ቀን መጥቼ እንድወስድ ነገረኝ።

«የምኑ ነው ደግሞ?» አለች እናቴ።

«የሦስት ወሩን የሚያሳየው ነው ማዘር።»

«የምን ሦስት ወር? ደሙን የሰጠሁት ዛሬ አይደል?» ፊቷ ላይ ያ እርጋታ የለም። መናኸሪያ እስክንደርስ ሁለቴ ጠየቀችኝ። እኔም አላወቅኩም፤ ሚኒባስ ላይ አሳፍሬ ላክኋት።

ሦስቱን ቀን እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔና ማሽኔ ነን የምናውቀው። ነሐሴ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ወር ነው፤ የግራውን እጅጌ በቀኝ በኩል ገጥሜ ፈታሁ፣ የቀኙን ደግሞ በግራ ገጥሜ ፈታሁ። መርፌ ሰበርኩ። ደንበኛ ላይ ተቆጣሁ። ወርዷል ተብሏል፣ ምን ያንቀዠቅዥሻል እላለሁ ለራሴ፤ ሆዴ ግን አላምን አለ። በሦስተኛው ቀን ሱቄን ሳልከፍት ላብራቶሪው በር ላይ ተገተርኩ።

ወረቀቱ ላይ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት ይላል። ትንሽ ቁጥር ስለሆነች ጥሩ መስላኝ ነበር። ልጁ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ከሰባት በታች ቢሆን ነበር ጥሩ» አለኝና በትዕግሥት አስረዳኝ። ደም ውስጥ ያለው ስኳር ቀዩ የደም ሴል ላይ ይለጠፋል። ሴሉ ሦስት ወር ገደማ ይኖራል፤ እስኪሞት ድረስ የተለጠፈበት አይለቀውም። ስለዚህ የዚያን ዕለቱ የስኳር ምርመራ የሚናገረው ያን ቀን ጠዋት የነበረውን ነው፤ ይሄኛው ግን ወራቱን ሁሉ ይናገራል። «ከመምጣታቸው በፊት ምግብ ቀንሰው ይሆናል» አለ፣ «ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ እንደ ፈተና ያጠኑለታል።»

ደጅ ወጥቼ ደወልኩላት።

«እማ፣ ልትመረመሪ ስትመጪ ያን ሳምንት ምን ነበር የምትበዪው?»

«ጎመን።»

«ሌላስ?»

«ጎመን አልኩሽ እኮ።» ስልኩን ዘጋችው።

ለምርመራ የመጣች ዕለት መቀነቷ ወገቧ ላይ ከወትሮው አንድ ዙር ጨምሮ መዞሩ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ጎመን ብቻ በልታ፣ ርቧት፣ ፈተናውን ልታልፍ መጥታ ነበር። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ሳላውቅ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። መንገዱን ሁሉ የምላትን ሳጠና ሄድኩ፦ ልብስሽን ሰብስቢ፣ ላሞቹን ለጎረቤት አደራ ስጪ፣ ዛሬውኑ አብረን እንመለሳለን። ከአስፋልቱ ወርጄ ጭቃውን ሳቋርጥ ጫማዬ ሁለቴ ተነቅሎ ቀረ።

ቤቷ ዝግ ነው። ከጎረቤት የሴቶች ሳቅ ይሰማል፤ የቅቤ ዕቁባቸው ቀን ኖሯል። ለመስቀል እንዲደርስ በየጊዜው እየተሰበሰቡ ሁሉም ቅቤ ያመጣሉ፣ በየተራ አንዷ ትወስዳለች። በኮባ የተጠቀለለው ቅቤ መሀል ላይ ተደርድሯል፤ ዙሪያውን ስምንት ዘጠኝ ሴቶች ተቀምጠዋል። በያንዳንዷ እጅ ለስላሳ አለ።

ይሄ ለስላሳ የሚሉት ነገር የኛ አገር ክብር ሆኗል። ግማሾቻችን ጴንጤ ሆነን ጠላ ከቤት ወጣ፤ ኦርቶዶክሶቹ ጾም ሲይዙ ወተት አይነኩም፤ እስላሞቹም ጎረቤቶቻችን ናቸው። ሁሉም ሰው ሳይሳቀቅ አብሮ የሚጠጣው ለስላሳ ብቻ ቀረ። በእንግዳ ፊት ቆርኪው ይከፈታል፤ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ አልጠጣም ማለት ባለቤቲቱን መስደብ ነው። ለቅሶ ላይ ለስላሳ፣ አራስ ጥየቃ ለስላሳ፣ ጸሎት ቤት መልስ ለስላሳ፣ ዕቁብ ላይ ለስላሳ። የእናቴን ብርቱካንማ ጠርሙስ ሳየው ዘጠኝ ነጥብ ስድስት ከየት እንደመጣ ገባኝ። ግማሹን ጠጥታዋለች።

መንገድ ላይ ያጠናሁትን ሁሉ ረሳሁት። ሰላም እንኳ ሳልል በሩ ላይ ቆሜ፣ «እማ፣ ስኳር በሽታ እንዳለብሽ እያወቅሽ ትጠጫለሽ?» አልኩ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ያንን የተናገርኩት በዚያ ሁሉ ቅቤ ፊት ነው። ሳቁ ቆመ። አንዷም አታውቅም ነበር። እናቴ ጠርሙሱን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች፤ እኔን ሳይሆን ጓደኞቿን እያየች ተናገረች።

«አዎ፣ አለብኝ። ከግንቦት ጀምሮ አለብኝ። ያልነገርኳችሁ ለይታችሁ እንዳታዩኝ ነው። ደግሳችሁ እሷ በሽተኛ ናት፣ ተዉአት እንዳትሉኝ ነው።» ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ልትወስጂኝ ከሆነ የመጣሽው ውሰጂኝ። ግን እንዲህ አዋርደሽኝ አይደለም።»

መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። ከደጁም አልገባ፣ ከደጁም አልወጣ ብዬ ቆምኩ። በሕይወቴ የሠራሁት አሳፋሪ ሥራ ምንድነው ብትሉኝ ይሄ ነው የምለው።

መጀመሪያ የተናገረችው የቤቱ ባለቤት ናት፤ ከእናቴ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ለሁላችንም ክርስትና እናት የምትመስል ደግ ሴት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለች ለማንም ሳይሆን። ቀጥላ ወደ ጓዳ ገባችና በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ከመታጠፍ ብዛት ጠርዙ የሳሳ ወረቀት ይዛ ወጣች። ባለፈው ዓመት ነጻ ምርመራ መጥቶ ደም ሰጥታ ነበር። ልጅ ካለሽ አሳዪ ብለዋታል፤ ልጆቿ አዲስ አበባ ናቸው፣ እንዳይደነግጡብኝ ብላ ጓዳ አኖረችው።

«እስቲ አንቺ ከቻልሽ አንብቢልኝ።»

ከፈትኩት። ስኳሩ ሦስት መቶ አስራ አንድ ይላል፤ ቀስቷ ወደ ላይ ቀንታለች። ቀኑን አየሁ፤ ዓመት ሞልቶታል። ይህን ሁሉ ጊዜ ክኒን የለ፣ ሐኪም የለ።

«ምን ይላል ልጄ?»

ወረቀቱን በእጥፋቱ መልሼ አጠፍኩት። ከጥቂት ደቂቃ በፊት በሰው ፊት እንደዚያ የተናገረ አፍ ምን እንደሚል ጠፋው። እናቴ ፊቴን አየች፤ ማንበብ አትችልም፣ እኔን ግን ታነባለች። ተነስታ ሄዳ የሴትየዋን ለስላሳ ከእጇ ተቀበለችና፣ «ነገ ወልቂጤ አብረን እንሄዳለን፤ ቁርስ እንዳትበዪ» አለቻት። ሌሎቹም ጠርሙሳቸውን አዩ፤ አንዷ ውሃ ልቅዳ ብላ ተነሳች።

ከዚያ በኋላ ልብስሽን ሰብስቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። «በሦስት ወር ደግመን እናያለን፣ ጎመን ብቻ እንዳትበዪ» አልኳት በሩ ላይ። «አልበላም» አለች፤ ገና እንደተቀየመችኝ ነች። በመጨረሻው ሚኒባስ ወደ ወልቂጤ የተመለስኩት ብቻዬን ነው።