የጠማማው መንገድ ካርታ

ይህ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እንጃ። ዛሬ አስተማሪያችን በጥንታዊ ግንብ ዙሪያ የተቆረቆረ የጃፓን ከተማ ካርታ ስታሳየን ግን በሰው አገር፣ ሻርሆልመን በሚባል ሰፈር የነበረው ቤታችን ትዝ አለኝ። የመኖሪያ ፈቃድ የተከለከሉት አጎቴ እኛ ጋ ተደብቀው ነበር። እኔም ያኔ ለትምህርት ቤት የዚያኑ የጃፓን ከተማ ካርታ እስል ነበር።

«ጋሼ፣ መንገዱ ለምን ጠመመ?»

«ጠላት ግንቡ ጋ ቶሎ እንዳይደርስ ነዋ!»

«አሁን እኮ ባቡር በቀጥታ ይገባበታል።»

«ደልቷቸዋላ! አንቺ ግን ከትምህርት ቤት ስትመጪ ዙሪ።»

ሁልጊዜ እዞር ነበር። ካርታዬ የተመሰገነ ዕለት ግን ላሳያቸው ቸኩዬ በቀጥታው መንገድ ሮጥኩ። ከኋላዬ የሰው ኮቴ ተከተለኝና በራችን ላይ ሲደርስ ቆመ። ጋሼም ሰምተውታል።

«ጎበዝ፣ አምሮበታል» አሉና ጫማቸውን አጠለቁ። ኮቴው ሲርቅ በምድር ቤቱ በር ወጡ። የተከተለኝ ማን እንደነበረ ዛሬም አላውቅም። ጋሼ እኛ ጋ የኖሩት እስከዚያ ዕለት፣ እስከ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1996 ነው።